ዋስ የሌለው ገንዘብ

ከአክሱም ዘመን ሳንቲሞች መካከል የንጉሡ ስም ያልተጻፈባቸው ትንንሽ የመዳብ ሳንቲሞች አሉ። በአንዱ ገጻቸው የንጉሥ ምስል፣ በሌላው መስቀል ይታያል። በመስቀሉ ዙሪያ በግሪክ ፊደል የተቀረጸው ቃል ሲፈታ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» ማለት ነው። ሠራዊት ያለውና ግብር የሚያስገብር ንጉሥ በመዳብ ቁራጭ ላይ ልመና የሚመስል ቃል ለምን ያስቀርጻል? መልሱ የገንዘብን ምሥጢር ግማሽ የያዘ ይመስለኛል። ንጉሥ ገበሬውን «ግብር አምጣ» ብሎ ሊያስገድደው ይችላል። ማር ይዛ ገበያ የወጣችን ሴት ግን ማሯን ሰጥታ መዳቡን በልቧ እንድትወደው ማስገደድ አይችልም። ካልወደደችው ማሯን ትደብቃለች፣ ወይም በጨው ትለውጠዋለች። ሳንቲሙ ገንዘብ የሚሆነው እሷ እጇን ስትዘረጋለት ነው፤ ንጉሡም ይህን ያውቅ ነበር።

ስለ ክሪፕቶ፣ ማለትም ቢትኮይንን ስለመሰለ በኮምፒውተር ብቻ ስላለ ገንዘብ፣ የሚደረገው ክርክር ከዚህ ስለማይነሣ ይመስለኛል መቋጫ ያጣው። አንዱ ወገን «አይዳሰስ፣ አይጨበጥ፣ ከጀርባው ወርቅ የለ፣ መንግሥት የለ፤ ማጭበርበሪያ ነው» ይላል። ሌላው «ቢትኮይን ከ21 ሚሊዮን አይዘልም፣ ማንም ባለሥልጣን አትሞ አያረክሰውም፤ እንዲያውም ከወርቅ ይሻላል» ይላል። ሁለቱም ዋጋን የሚፈልጉት ዕቃው ውስጥ ነው። ዋጋ እዚያ አይገኝም። ልንጠይቅ የሚገባን ሌላ ነው፤ አንድን ገንዘብ ስንቀበል የምናምነው ማንን ነው? እምነቱ የፈረሰ ዕለትስ ዋሱ ማን ነው?

ከአፋር ምድር የሚቆረጠው አሞሌ ጨው ለብዙ መቶ ዓመታት ገንዘባችን ነበር። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አገራችንን ያየው ፖርቹጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ጨው ከተቆረጠበት ቦታ በራቀ ቁጥር ዋጋው እየጨመረ እንደሚሄድ ጽፏል። ጨውነቱ ያው ነው፤ የጨመረው የግመሉና የበቅሎው ድካም፣ የሲራራ ነጋዴው አደጋና የተቀባዩ ፍላጎት ነው። ከአሞሌ ጎን የኖረው ጠገራ ብር ደግሞ ይበልጥ ያስደንቃል። የኦስትሪያዋ ማርያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ሞታለች። መልኳን የያዘው ጠገራ ግን ያንኑ ዓመት እንደያዘ ከሞተች በኋላም ሲመታ ኖረ። ነጋዴያችን ጠገራ ሲቀበል በዘውዷና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጥቦች አጥርቶ ያያል፤ የተፋቀና ያለቀ ከሆነ አይቀበልም። ዐፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በፓሪስ ያስመቱት ብር፣ ያን ያህል የተከበሩ ንጉሥ መልክ ይዞ እንኳ የሟቿን ባዕድ ንግሥት መልክ ከገበያ ለማስወጣት ተቸግሯል። ሕዝቡ ለንጉሡ አክብሮት አጥቶ አይደለም። ጠገራውን በእጁ ያውቀዋል፤ አባቱም ያውቁት ነበር።

አሞሌም ጠገራም ግን ወድቀው የሚያርፉበት ወለል ነበራቸው። ገበያ የናቀው አሞሌ ወጥ ውስጥ ይገባል። ገበያ የናቀው ጠገራ ይቀልጥና ከ23 ግራም በላይ ንጹሕ ብር ይወጣዋል፤ መስቀል ወይም አምባር ይሆናል። የወረቀት ገንዘብ ይህ ወለል የለውም። የሚያርፈው ቃል ላይ ነው፤ «ይህን ወረቀት ለግብር እቀበላለሁ፣ ያለ ልክም አላበዛውም» በሚል የመንግሥት ቃል ላይ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1971 ዶላር በወርቅ የሚመነዘርበትን የመጨረሻ በር ከዘጉ ወዲህ የዓለም ገንዘብ ሁሉ በቃል የቆመ ነው። ቃል ደግሞ ይበላል።

ቃል ሲበላ ምን እንደሚመስል ለማየት ቤይሩትን ማሰብ ይበቃል። በሊባኖስ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ አንድ ዶላር በ1,507 ተኩል የሊባኖስ ፓውንድ ተተክሎ ቆየ። ያን ለመጠበቅ ባንኮች ከፍተኛ ወለድ እየሰጡ ከውጭ አዲስ ዶላር ይስቡ ነበር፤ የቀደመው ተቀማጭ የሚከፈለውም በሚመጣው ነበር። በ2019 መጨረሻ የሚመጣው ቀነሰና ባንኮቹ በራቸውን በባለገንዘቡ ላይ ዘጉ። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2022 ስለ አገሪቱ የመንግሥት ፋይናንስ ባወጣው ጥናት ርእስ ላይ «ፖንዚ» የሚለውን ቃል እስከ መጠቀም ደርሷል። ከዚያ ጥፋት በታች የነበሩት የእኛ እኅቶች ናቸው። በዶላር ሊከፈላቸው ተስማምተው በሰው ቤት የሚሠሩ ኢትዮጵያውያት፣ ደመወዛቸው በሚቀልጥ ፓውንድ ተተካ፣ ወይም ጭራሽ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2020 ክረምት ብዙዎቹ ከነሻንጣቸው በአገራችን ቆንስላ በር ላይ ተጥለው ዓለም ሁሉ አይቷቸዋል። እነዚህን ሴቶች ለዚህ ያበቃቸው ክሪፕቶ አልነበረም። የተካዱት ማኅተምና ፊርማ ባለው፣ የማዕከላዊ ባንክ ሕንፃ ባለው፣ ሕጋዊ በተባለው ገንዘብ ነው።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ይህን ማጭበርበር አልለውም፤ ቀድሞ የነበረው ዋጋ ራሱ ከጥቁር ገበያው የራቀ ነበርና የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ለውሳኔው የሚሰጡት ምክንያት አለ። ነገር ግን ለልጇ ትምህርት በብር ስትቆጥብ የኖረች እናት ምን አጠፋች? ቆጥቢ ተባለች፣ ቆጠበች። ማንም ሳይዋሻት የቆጠበችው ጎደለ። ክሪፕቶን በአንድ ቃል «ሌብነት» ብሎ የሚዘጋ ሰው ይህችን እናት ፊት ለፊት አይቶ ይናገር። ወጣቱ ከብር ሸሽቶ በስልኩ ከዶላር ጋር እኩል እንዲቆም የተሠራውን ክሪፕቶ፣ ዩኤስዲቲን፣ ሲገዛ የሚሸሸው ከእውነተኛ ነገር ነው።

ቢትኮይንም የተወለደው ከዚህ ዓይነት ሽሽት ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 2008 ዓለም በባንኮች ውድቀት ስትናወጥ፣ ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም የተሰወረ ሰው ዘጠኝ ገጽ ጽሑፍ አወጣ። በጃንዋሪ 2009 የቢትኮይን የሒሳብ መዝገብ የመጀመሪያ ገጽ ሲከፈት፣ ውስጡ ያስገባው የዕለቱን የለንደን ታይምስ ጋዜጣ ርእስ ነበር፤ የእንግሊዝ መንግሥት ባንኮችን ለሁለተኛ ጊዜ ሊታደግ መሆኑን የሚያወራውን። ይህ የቀን ማስረጃ ነው፣ ክስም ነው።

የናካሞቶን ሐሳብ ታላቅነት ሳላከብር ማለፍ አልፈልግም። በኮምፒውተር ያለ ነገር ሁሉ ይገለበጣል፤ ለአንድ ሰው የተላከ ፎቶ ለሺህ ሰው ይላካል። ገንዘብ እንዲህ ከሆነ ገንዘብነቱ ያበቃል። ስለዚህ እስከዚያ ድረስ ማን ለማን ስንት እንደሰጠ የሚጽፍ አንድ ታማኝ መዝገብ ያዥ፣ ማለትም ባንክ፣ የግድ ነበር። ናካሞቶ መዝገቡን ለሁሉም አደለው። ቅጂው በዓለም ዙሪያ በሺዎች ኮምፒውተሮች ላይ ይቀመጣል፤ በየአሥር ደቂቃው ገደማ አዲስ ገጽ ይጨመርበታል። ገጹን የመጨመር መብት የሚያገኘው አንድን አስቸጋሪ ቁጥር በሙከራ ብዛት ቀድሞ ያገኘ ማሽን ነው፤ ያ ሙከራ ኤሌክትሪክ ይበላል። የትናንቱን ገጽ ለመፋቅ የሚሻ ሌባ ያን ሁሉ ሥራ እንደገና መሥራት፣ የቀረውን ዓለምም ሮጦ መቅደም አለበት። ለደከመው ማሽን መጀመሪያ 50 ቢትኮይን ይሰጠው ነበር፤ በየአራት ዓመቱ ገደማ በግማሽ እየቀነሰ ከ2024 ወዲህ 3.125 ደርሷል። ሰው ሰውን ሳያምን፣ ዳኛም ሳይሾም፣ በአንድ መዝገብ ላይ መስማማት ቻለ። ይህ በሰው ልጅ ታሪክ ያልነበረ ነገር ነው።

ስለዚህ ቢትኮይን ማጭበርበር አይደለም። ማጭበርበር ዋሾ ያስፈልገዋል፣ የተደበቀም ነገር ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ1920 ቦስተን ላይ ቻርልስ ፖንዚ «በፖስታ ኩፖን ንግድ አተርፍላችኋለሁ» ብሎ የኋለኛውን ሰው ገንዘብ ለፊተኛው ሲከፍል ዋሽቷል፤ ንግዱ አልነበረም። ቢትኮይን ግን ትርፍ እሰጣለሁ አላለም። መዝገቡ የተገለጠ፣ ሕጉ ማንም ሊያነበው የሚችል ነው። ለሚያስተውል ግን አንድ የሚያሰጋ መመሳሰል ይቀራል። እርሻ እህል ያፈራል፣ ቤት ኪራይ ያመጣል፤ ቢትኮይን ምንም አያፈራም። የገዛው ሰው የሚያተርፈው ሌላ ሰው ከእሱ አስበልጦ ሲገዛው ብቻ ነው። ወርቅም ብዙውን እንዲህ ነው ይባላል፤ እውነት ነው። ወርቅ ግን ለዚህ የሺህ ዓመታት ልምድ አለው፣ ጣት ላይም ይደረጋል። ቢትኮይን በኖቬምበር 2021 ወደ 69 ሺህ ዶላር ወጥቶ በዓመቱ ከ16 ሺህ በታች ወረደ፤ ቆይቶም ከ100 ሺህ አለፈ። እንዲህ በሚዘል ነገር ዳቦ ቤት ዋጋ አይለጥፍም፣ አሠሪም ደመወዝ አይዋዋልም። ኤል ሳልቫዶር በ2021 በሕግ መገበያያ አድርጋው ነበር። አብዛኛው ሕዝብ አልተጠቀመበትም፤ በ2025 መጀመሪያም ነጋዴው የግድ እንዲቀበለው የሚያዘውን ሕግ አነሣች። ፕሬዚዳንቱ ከአክሱሙ ንጉሥ ያላነሰ ሥልጣን ነበራቸው፤ አገሩን ግን ደስ አላሰኘውም።

ታዲያ ዘላቂ ዋጋ አለው ወይ? አለው፤ ግን ዋጋው የሚመጣው ከሌሎች ክህደት ነው። ባንኩ በር በዘጋበት አገር፣ ገንዘቡ በሚቀልጥበት ቦታ፣ ገዥዎች የማይወዱትን ሰው ሒሳብ በሚያግዱበት ጊዜ፣ ያለማንም ፈቃድ የሚንቀሳቀስ ገንዘብ ትልቅ ነገር ነው። በሰላማዊ አገር የሚኖርና ባንኩን የሚያምን ሰው ቢትኮይንን ቁማር ቢለው አልፈርድበትም፤ ለእሱ ከዚያ ብዙም የማይሻገር ነውና። ለተቆለፈበት ሰው ግን መስኮት ነው። እንግዲህ ዋጋው የሚቆየው ቃላቸውን የሚበሉ መንግሥታትና ባንኮች እስካሉ ድረስ ነው። ይህን ስጽፍ ደስታ አይሰማኝም። አንድ ነገር ውድ የሚሆነው ሰው ለሰው ከሐዲ በሆነ መጠን ከሆነ፣ የዋጋው መናር የሚበሠር ዜና ሊሆን አይችልም።

ማጭበርበሩስ ከየት ገባ? እኔን እጅግ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ማንንም ሳታምን ተጠቀምበት ተብሎ የተሠራው ነገር ወደ ሰው የሚደርሰው በመተማመን ብቻ ነው። ያን ዘጠኝ ገጽ አንብቦ፣ ሒሳቡን መርምሮ የሚገባ ሰው ጥቂት ነው። ሌላው የሚገባው የአክስቱ ልጅ ስለነገረው፣ የሰፈሩ ልጅ አዲስ ስልክ ስለያዘ፣ በጸሎት አብረው የሚቆሙት ሰው «እኔ አትርፌበታለሁ» ስላሉት ነው። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው የሚል ሕዝብ የተወለደበትን መተማመን ይዞ ይገባል። ዋንኮይን የሚባለው እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ከቡልጋሪያ ተነሥቶ ዓለምን ያዳረሰው በዚህ መንገድ ነው። የቢትኮይን ዓይነት የተገለጠ መዝገብ አልነበረውም፤ ኩባንያው የሚያሳየው የዋጋ ቁጥር ራሱ የጻፈው ነበር። ከሰዎች የሰበሰበው ግን አራት ቢሊዮን ዶላር ያህል ይገመታል፤ እስከ ኡጋንዳ መንደሮች ደርሶም ምስኪን ገበሬዎችን ገፍፏል። መሥራቿ ሩጃ ኢግናቶቫ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017 ከሶፊያ ወደ አቴንስ በረረች፤ ከዚያ ወዲህ በይፋ አልታየችም።

ቴራ የተባለው ሌላው ነው። እንደ ዶላር ጸንቶ ይቆማል ላሉት ገንዘባቸው 20 ከመቶ የሚጠጋ ወለድ ይሰጡ ነበር። በሜይ 2022 በቀናት ውስጥ ፈርሶ ወደ 40 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት ሀብት ይዞ ጠፋ። በዚያው ዓመት ኅዳር ኤፍቲኤክስ የተባለው መገበያያ ሲወድቅ፣ ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ የደንበኞች ገንዘብ በቦታው እንዳልነበረ ታወቀ፤ መሪው ሳም ባንክማን ፍሪድ በ2024 የ25 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ልብ በሉ፤ በኤፍቲኤክስ ውድቀት የቢትኮይን መዝገብ አልተሰበረም። የተሰበረው «ቁልፍህን፣ ገንዘብህ የሚንቀሳቀስበትን ምሥጢራዊ ቁጥር፣ እኔ ልያዝልህ» ያለ ሰው ቃል ነው። አብዛኛው ሰው ደግሞ ቁልፉን ሌላ ሰው እንዲይዝለት ይፈልጋል፤ ቁልፍ የጠፋበት ሰው ገንዘቡን ለዘላለም ያጣልና። ዩኤስዲቲ እንኳ በእያንዳንዱ ሳንቲም ጀርባ አንድ ዶላር የሚያወጣ ንብረት አለኝ በሚል የአንድ ኩባንያ ቃል የቆመ ነው። ከባንክ ሸሽቶ የሄደው ሰው ስሙ ባንክ ያልተባለ ባንክ ውስጥ ያርፋል።

ዕቁብን የሚያውቅ ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይገባዋል። ዕቁብ ውስጥ ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፤ ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው ዋስ ሳይጠራ ብሩን አይወስድም። ዋሱ ፊት አለው፣ ቤቱ ይታወቃል። ዕቁብም ይበላል፤ ሲበላ ግን የሚያንኳኩት በር አለ። የቢትኮይን ፈጣሪ ዋስን በሒሳብ ሊተካ ፈለገ፤ በመዝገቡ ውስጥ ተሳክቶለታል። ከመዝገቡ ውጭ ያለው ሰው ግን ያው ሰው ነው፤ ለአጭበርባሪውም ዋስ ከማይጠይቅ ገንዘብ የተሻለ መሣሪያ ተፈልጎ አይገኝለትም። በስሕተት የተላከ አይመለስም፣ ተቀባዩ አይታወቅም፣ በሩ አይንኳኳም።

እ.ኤ.አ. በ2024 ክረምት የአገራችን ወጣቶች በታክሲ ውስጥ፣ በካፌ፣ በዩኒቨርሲቲ ግቢ የስልካቸውን መስታወት ሲነካኩ ይውሉ ነበር። ኖትኮይን የተባለው የቴሌግራም ጨዋታ ቀድሞ ለአንዳንዶች እውነተኛ ብር አስገኝቶ ስለነበር፣ ሐምስተር ኮምባት የተባለው ተመሳሳይ ጨዋታ ሲመጣ ተስፋው ሰማይ ነካ። በመስከረም ውስጥ ሳንቲሙ ሲታደል የብዙዎቹ ድርሻ ለወራት ልፋታቸው ኢምንት ሆነ። እነዚህን ልጆች ሰነፎች ያላቸው ሰው ጥቂት አልነበረም፤ እኔ ይህን አልቀበልም። ዲግሪ ይዞ ሥራ ያጣ ልጅ፣ ያገኘም ቢሆን ደመወዙ ለቤት ኪራይ የማይበቃው ልጅ፣ አንድ ጊዜ እንኳ በሩ ቢከፈትልኝ ብሎ ጣቱን ቢያደክም የሚያስወቅሰው አይደለም። የተዘጋበትን በር የዘጋው እሱ አይደለም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ደግሞ የቢትኮይን ማሽኖች እዚሁ አገራችን ውስጥ ያጓራሉ። ቻይና በ2021 ሥራውን ስትከለክል ርካሽ ኤሌክትሪክ ፍለጋ የወጡት ኩባንያዎች ከደረሱባቸው ቦታዎች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። የሚከፍሉት በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ምንዛሪ ለራበው አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ያልተሸጠ ኃይል በግድብ ላይ አልፎ የሚፈስ ውኃ ነው የሚለው ክርክርም ክብደት አለው። ነገር ግን ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ገና መብራት የለውም። ማስተላለፊያ መስመርና ትራንስፎርመር ሳይደርሳት በኩራዝ የምታጠና ልጅ ባለችበት አገር፣ ያ ኃይል የሩቅ ሰዎችን መዝገብ ሲጠብቅ ቢያድር ልቤ አያርፍም። ገቢው ለእሷ መስመር መዘርጊያ በግልጽ ቢመደብና ሕዝብ ቢያየው፣ እኔ የመጀመሪያው ደጋፊ ነኝ።

ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማሳሰቢያ በክሪፕቶ መገበያየት በአገራችን ያልተፈቀደ መሆኑን አስታውቋል። ዓላማው ሕዝቡን መጠበቅና ምንዛሪ እንዳይሸሽ መከልከል መሆኑን እረዳለሁ። ውጤቱ ግን እንዲህ ሆነ፤ አገሪቱ ቢትኮይን ለሚያመርተው ማሽን ኤሌክትሪክ ትሸጣለች፣ ዜጋዋ ግን ያንኑ ቢትኮይን ቢነካ በሕግ ፊት ጥፋተኛ እንዳልሆነ እርግጠኛ መሆን አይችልም። በቴሌግራም «ገንዘብህን በወር እጥፍ አደርግልሃለሁ» ባለው ሰው የእናቱን ቁጠባ የተበላ ልጅ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ የሚናገረው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ራሱን መክሰስ ይመስለዋል። ስለዚህ አይሄድም። የበላውም ሰው ይህን ስለሚያውቅ ቻናሉን ስም ለውጦ በማግስቱ ይከፍታል። ልጁን ሳይከስ አጭበርባሪውን ብቻ የሚከስስ፣ አገናኝና መገበያያ ነኝ ባዩን አስመዝግቦ ዋስ የሚያስጠራ ሕግ ያስፈልገናል፤ ማሽኖቹ ፈቃድ ካገኙበት ቀን ጋር አብሮ መውጣት የነበረበት ሕግ ነው።